ምዕራፍ ሰባት፦ የተሰፈረ ረድኤት

ባለፈው ምዕራፍ፣ ሠራተኛ ከደመወዙ እየተቀነሰበት ስለሚያጠራቅመው የጡረታና የጉዳት ዋስትና ተናግረናል። አሁን ደግሞ፣ ወደዚያ ዋስትና የሚያደርስ በቂ የሥራ ዘመን ሳይኖረው፣ ወይም ኖሮትም የሚደርሰው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ሆኖበት፣ በአካሉ ጉዳት ወይም በዓይኑ ብርሃን መጥፋት ወይም በዕድሜው መግፋት ምክንያት ራሱን ማስተዳደር ለተሳነው ድኻ የአሜሪካ ፌዴራላዊ መንግሥት በየወሩ ስለሚሰጠው የገንዘብ ረድኤት እንናገራለን። ይህ ረድኤት በሕጉ «ተጨማሪ የዋስትና ገቢ» የሚል ስም ቢኖረውም በሕዝቡ አፍ፣ በዚያ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችንም አፍ ሳይቀር፣ ኤስ ኤስ አይ ተብሎ ይጠራል። ሁለቱንም ገንዘብ የሚያድለው መሥሪያ ቤት ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው አንዱ ብቻ ስለ ሆነ ሰው ያምታታቸዋል፤ አንዱ «ዲሰቢሊቲ እቀበላለሁ» ባለ ጊዜም የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል። ዋስትናው የሚጠይቀው ሰውየው ስንት ዓመት ሠርቶ እንደ ከፈለ ነው፤ በባንክ ምን እንዳለው፣ ማን እንደሚያበላው፣ በማን ጣሪያ ሥር እንደሚያድር አይመረምርም። ረድኤቱ ግን ይህን ሁሉ ይመረምራል፤ የዚህም ምዕራፍ ነገር በአብዛኛው የዚያ ምርመራ ነገር ነው።

የነገሩ ጥንት በ1935 ዓ.ም. (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የፈረሙት የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ነው። ያ ሕግ፣ እያንዳንዱ ስቴት ለድኾች አረጋውያንና ለዓይነ ስውራን የራሱን ርዳታ እንዲያቋቁምና ከወጪውም ከፊሉን ፌዴራሉ መንግሥት እንዲተካለት የደነገገ ሲሆን፣ በ1950 ደግሞ አካላቸው ፈጽሞና ለዘለቄታው ለተጎዳ ድኾች ተመሳሳይ ርዳታ ተጨመረበት። ገንዘቡ ከሁለት ካዝና ቢወጣም ሥልጣኑ በስቴቱ እጅ ስለ ነበረ፣ በአንድ ደዌ የተያዙ ሁለት ሰዎች የስቴት ወሰን ስለ ለያቸው ብቻ አንዱ ለኑሮ የሚቃረብ፣ ሌላው ለቁራሽ የማይበቃ ገንዘብ ይቀበሉ ነበር፤ በአንዳንዱም ስቴት የተረጂው ልጆች እንዲጦሩት በሕግ ይገደዱ፣ እርሱም ከሞተ በኋላ መንግሥት የሰጠውን ከቤቱ ሽያጭ ያስመልስ ዘንድ በቤቱ ላይ መያዣ ይጻፍበት ነበር። የቀበሌው ሹም ደጉ እንደ ሆነ ርዳታው ይለመልማል፣ ክፉው እንደ ሆነ ይደርቃል።

በ1969 ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን፣ ልጆች ያሉት ድኻ ቤተሰብ ሁሉ የተወሰነ ዝቅተኛ ገቢ ከመንግሥት እንዲረጋገጥለት የሚል ሰፊ ዕቅድ አቀረቡ። በዕቅዱ ላይ አንዱ ወገን አነሰ፣ ሌላው ወገን በዛ እያለ ሦስት ዓመት ያህል ከተከራከሩበት በኋላ ዕቅዱ ወደቀ። ከፍርስራሹ መካከል ግን ስለ አረጋውያን፣ ስለ ዓይነ ስውራንና ስለ አካል ጉዳተኞች የምትናገረው ክፍል ያለ ብዙ ጠብ ዳነች፤ ስለ ድኻ እናትና አባት ሥራ መፍታት በምክር ቤት ተነሥቶ መናገር የሚደፍር እንደራሴ ሁሉ፣ ዓይነ ስውሩን «ሂድና ሠርተህ ብላ» ለማለት አንደበቱ አልታዘዘለትምና። ኒክሰን ሕጉን በኦክቶበር 30 ቀን 1972 ፈረሙ፤ የመጀመሪያው ክፍያ በጃንዋሪ 1974 ወጣ። በዚያን ጊዜ ከሺህ በሚበልጡ የስቴትና የአውራጃ መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ላይ የነበሩ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ወደ አንድ መዝገብ ተሻገሩ፤ መጠኑም ብቻውን ላለ ሰው 140 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 210 ዶላር ሆኖ በአገሩ ሁሉ እኩል ተቆረጠ፣ ከዚያ በላይ መጨመር የፈለገ ስቴት ከራሱ ካዝና እንዲጨምር ተፈቅዶለት።

ምጽዋት ከሰጪው ፈቃድ ወጥቶ የተቀባዩ መብት ሲሆን፣ ተቀባዩም ሹሙን በፍርድ ቤት ሲከስስ ማየት በሰው ታሪክ ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህም ያንን ሕግ ያወጡትን ሰዎች ከማመስገን አንቦዝንም። ዳሩ ግን ሕጉ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይዞ ተወለደ። አንደኛው ቁጥር የሚከፈለው ገንዘብ ሲሆን፣ ይህ ከ1975 ጀምሮ ከገበያ ዋጋ ጋር እየታየ በየጊዜው ከፍ ስለሚል በ2025 ለአንድ ሰው 967 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 1,450 ዶላር ደርሷል። ሁለተኛው ቁጥር ድኻው ሠርቶ ሊያገኝ፣ ከዘመድ ሊቀበል፣ ቆጥቦም ሊያስቀምጥ የሚፈቀድለት ልክ ነው፤ ይህ ግን ከገበያው ጋር የሚያያይዘው አንቀጽ አልተጻፈለትም። የመጀመሪያው ቁጥር ሕይወት ያለው ነው፤ ሁለተኛው ከሞተ ቆይቷል፣ ነገር ግን አልተቀበረም፤ ዛሬም ከሰባት ሚሊዮን በሚበልጡ ሰዎች ቤት ገብቶ ያዝዛል።

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን፣ በዚህ ሕግ ዘንድ አካል ጉዳተኛ ማን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው፣ በሐኪም ሊረጋገጥ በሚችል የሥጋ ወይም የአእምሮ ደዌ ምክንያት፣ እርሱም ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም ይቆያል ተብሎ የሚጠበቅ ወይም ለሞት የሚያደርስ በሆነ ደዌ፣ ጉልህ ገቢ የሚያስገኝ ማናቸውንም ሥራ መሥራት ያልቻለ እንደ ሆነ ነው። የጉልህ ገቢ ልኩ በ2025 በወር 1,620 ዶላር ነበር፤ ዓይነ ስውር ግን በኤስ ኤስ አይ ዘንድ በዚህ ልክ አይመዘንም። «ማናቸውንም» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበል። ሃያ ዓመት ሻንጣ ሲያነሣ ወገቡ የተሰበረ የአውሮፕላን ጣቢያ ሠራተኛ፣ ሻንጣ ማንሣት እንዳልቻለ ቢያስረዳ ገና መጀመሩ ነው፤ ዕድሜው ገና ካልገፋ፣ ተቀምጦ የሚሠራም ሥራ እንደማይሆንለት መረጋገጥ አለበት። ከፊል ጉዳት ከፊል ክፍያ የሚባል ነገር የለም።

ውሳኔውን በመጀመሪያ የሚሰጡት በየስቴቱ ያሉ መርማሪዎችና ሐኪሞች ናቸው፤ እነርሱም አብዛኛውን ጊዜ ሰውየውን በዓይናቸው ሳያዩ የሕክምና ወረቀቱን አንብበው ይፈርዳሉ፣ አብዛኛውንም አመልካች በመጀመሪያው ዙር አይቀበሉም። ያልተቀበሉት ሰው እንደ ገና እንዲታይለት ይጠይቃል፤ ከዚያ ወደ ችሎት፣ ከችሎት ወደ ይግባኝ ጉባኤ፣ ከዚያም ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ ሰው ሰውን ፊት ለፊት የሚያናግርበት ችሎቱ ነው። በችሎቱ ላይ ከዳኛው ሌላ የሥራ ዐዋቂ የሚባል ምስክር ይቀርባል፤ ዳኛውም «ዕድሜው ይህን ያህል የሆነ፣ ከ10 ፓውንድ በላይ የማያነሣ፣ ቆሞ የማይቆይ ሰው ቢኖር የሚሠራው ሥራ በአገሩ ይገኛልን?» ብሎ ይጠይቀዋል። ምስክሩ መልሱን የሚያወጣው የሠራተኛ ሚኒስቴር ካዘጋጀው፣ ለመጨረሻ ጊዜ በ1991 ከታደሰው፣ አብዛኛው ክፍሉም በ1970ዎቹ ከተጻፈው የሥራዎች መዝገብ ነው። በዚህ መዝገብ ምክንያት ብዙ በሽተኛ፣ ለውዝ ለይተህ መልቀም ትችላለህ ተብሎ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ ለውዙን ግን ከብዙ ዘመን ጀምሮ መኪና ነው የሚለየው። መሥሪያ ቤቱ በ2024 ከመቶ የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ጊዜ ያለፈባቸውን ሥራዎች ምስክሮቹ እንዳይጠቅሱ ከለከለ፤ በሌሎች ጥቂቶችም ላይ ተጨማሪ ማስረጃ ይጠይቅ ጀመር። በወገኖቻችን ላይ በቀጥታ የወደቀ ሌላ ለውጥም አለ፤ ቀድሞ፣ ዕድሜው ከ45 ዓመት ያለፈና የተማረው ሙያ የሌለው ሰው እንግሊዝኛ መናገር አለመቻሉ ጉዳዩን ይደግፍለት የነበረ ሲሆን፣ ከ2020 ጀምሮ ቋንቋ አለማወቅ ከሚመዘኑት ነገሮች ወጥቷል።

በ1980ዎቹ መባቻ መንግሥት የተቀባዮቹን መዝገብ እንደ ገና መመርመር ጀምሮ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎችን ከዋስትናውም ከረድኤቱም እንዳስወጣ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የአእምሮ ሕሙማን እንደ ነበሩ፣ ዳኞችና የስቴት አስተዳዳሪዎችም አንፈጽምም እስከ ማለት እንደ ደረሱ፣ በመጨረሻም በ1984 ምክር ቤቱ በሽታው መሻሉ ካልታየ በቀር ማንም እንዳይወጣ ብሎ በአንድ ድምፅ እንደ ወሰነ፣ እዚህ ላይ በአጭሩ ጠቅሰን እንለፍ።

አሁን ወደ ሙታኑ ቁጥሮች እንመለስ። ተቀባዩ ሠርቶ ገንዘብ ቢያገኝ፣ ከወሩ ደመወዝ መጀመሪያ 20 ዶላር፣ ቀጥሎ 65 ዶላር አይቆጠርበትም፤ ከቀረውም እኩሌታው ብቻ ይቆጠራል። ምግብ ቤት ዕቃ እያጠበ በወር 500 ዶላር ያገኘ ሰው 85ቱ ወጥተውለት 415 ይቀራል፤ የዚህ እኩሌታ 207 ከ50 ሳንቲም ከ2025ቱ 967 ሲነሣ ረድኤቱ 759 ከ50 ሳንቲም ይሆናል፤ በጠቅላላው 1,259 ከ50 ሳንቲም በእጁ ይገባል። ሥርዓቱ ለሚሠራ ሰው አድልቶ የተሠራ በመሆኑ መልካም ነው። ነገር ግን 20ውም 65ቱም በ1972ቱ ሕግ የተጻፉ ናቸው፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ተደምረው የወሩን ረድኤት ከእኩሌታ በላይ ያህሉ ነበር፣ ዛሬ ከዐሥር አንድ እንኳ አይሞሉም።

ከዘመድ ለሚመጣው ርዳታ ያለው ሥርዓት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ እንግዳ ነው። ሕጉ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ምግብንና መጠለያን እንደ ገቢ ይቆጥር ስለ ነበረ፣ ቢሮው ውስጥ የሚደረገው ጥያቄ የጓዳ ምርመራ ይመስል ነበር። ዓይናቸው የጠፋ፣ ብቻቸውን በኪራይ ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት በአስተርጓሚ በኩል ይጠየቃሉ እንበል፤

«እማማ፣ ምግብዎን ማን ነው የሚያቀርብልዎት?»

«የእኅቴ ልጅ አለችልኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራውንም ወጡንም ይዛልኝ ትመጣለች። ተመስገን፣ ምን ጎደለብኝ!»

በአገራችን ሥርዓት ዘመዱን ያላሳጣ፣ ራሱንም ያላዋረደ፣ ጨዋ የሚመልሰው መልስ ይህ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ግን ገቢ ሆኖ ይጻፋል፣ ዋጋውም ያነሰ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ከረድኤቱ እስከ ሲሶውና ከዚያም ጥቂት ከፍ ያለ ያህል ሊያስቀንስ ይችል ነበር። «ዘመድ የለኝም፣ ጦሜን አድራለሁ» ያለችው ጎረቤታቸው ሙሉውን ትቀበላለች። ይህ ነገር 50 ዓመት ከሠራ በኋላ፣ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ ምግብ ከቁጥሩ ወጣ። መጠለያ ግን አልወጣም፤ በሌላ ሰው ቤት ያለ ኪራይ የሚቀመጥና ማዕዱም ሁሉ ከዚያው ቤት የሚቀርብለት ሰው አሁንም ሲሶው ይነሣበታል። ልጃቸው ቤት የሚኖሩ እናት የድርሻቸውን የቤት ወጪ በእውነት የሚከፍሉ ከሆነ ይህ አይደርስባቸውም፤ ልጅ ከእናቷ ኪራይ መቀበል ስለምታፍር ግን ብዙ ቤተሰብ ሲሶውን በዝምታ ያጣል።

ከሁሉ የከፋው የቁጠባው ልክ ነው። በ1974 አንድ ሰው 1,500 ዶላር ማስቀመጥ ይፈቀድለት ነበር፤ ይህም ከዐሥር ወር ረድኤት ይበልጥ ነበር። ልኩ በ1980ዎቹ በጥቂት በጥቂቱ ተጨምሮ በ1989 ለአንድ ሰው 2,000፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ከደረሰ በኋላ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም፤ ዛሬ ከሁለት ወር ረድኤት ብዙም አይበልጥም። የሚኖርበት ቤት፣ አንድ መኪና፣ ለቀብር ተለይቶ የተቀመጠ እስከ 1,500 ዶላር የሚደርስ ገንዘብ አይቆጠሩበትም፤ ሌላው ግን፣ በአገር ቤት በስሙ ያለና ሊሸጠው የሚችለው ቤት ሳይቀር፣ ይቆጠራል። ዕቁብ የሚጥል ሰው ደግሞ ይህን ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። ዐሥር ሰዎች በየወሩ 300 ዶላር የሚጥሉበት ዕቁብ ቢኖርና ዕጣው በወሩ 28ኛ ቀን ለእርሱ ቢወጣ፣ 3,000 ዶላር በእጁ ይገባል። ሕጉ ንብረትን የሚቆጥረው ወሩ በሚገባበት ቅጽበት ነው፤ ገንዘቡን በ30ኛው ቀን ውዝፍ ኪራዩን ከፍሎበት ከሆነ አንዳች አይደርስበትም፣ በባንክ አስቀምጦት ወሩ ከጠባ ግን የዚያን ወር ረድኤት ያጣል። ከመዝገቡ ለመሸሽ ብሎ ለወንድሙ በስጦታ ቢያስተላልፈው ደግሞ እስከ 36 ወር ሊያስቀጣው ይችላል። ስለዚህም ድኻው ያገኛትን ቶሎ እንዲያጠፋ የሚያስገድድ ሕግ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህን አስቦ ያወጣው ሰው የለም፣ ረስቶት የተወው እንጂ። ልኩን ወደ 10,000 ዶላር ከፍ የሚያደርግ ረቂቅ ለምክር ቤቱ ደጋግሞ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀርቷል። ለጥቂቶች መተንፈሻ የሆነው በ2014 የወጣው ኤብል የተባለው የቁጠባ ሒሳብ ሲሆን፣ በእርሱ ውስጥ እስከ 100,000 ዶላር ያለው ገንዘብ አይቆጠርም፤ ደዌው ከ26 ዓመት ዕድሜ በፊት ለጀመረው ብቻ ይፈቀድ የነበረው ከ2026 መባቻ ጀምሮ ከ46 ዓመት በፊት ለጀመረው ሁሉ ሆኗል። በ50 ዓመቱ ኩላሊቱ የደከመበት ሰው ግን ከበሩ ውጭ ነው።

ሁለት ተቀባዮች ቢጋቡ፣ በ2025 ልክ፣ 967 ሁለት ጊዜ መሆኑ ቀርቶ 1,450 ብቻ ይቀበላሉ፤ ትዳር በወር 484 ዶላር ያስከፍላቸዋል ማለት ነው። በማዘጋጃ ቤት ሳይፈራረሙ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ብቻ ቢጋቡ እንደሚያመልጡ የሚያስቡ አሉ፤ ሕጉ ግን በሕዝብ ፊት ባልና ሚስት ነን ብለው አብረው የሚኖሩትን እንደ ተጋቡ ይቆጥራቸዋል።

የውጭ አገር ተወላጅ የሆነ ሰው ነገር በ1996 ከወጣው ሕግ ወዲህ ጠብቋል። ስደተኛ ሆኖ የገባ ወይም ጥገኝነት ያገኘ ሰው ረድኤቱን የሚቀበለው በመሠረቱ ለሰባት ዓመት ብቻ ነው፤ በዚያ ውስጥ ዜግነት ካላገኘ ወይም ሌላ የሚያበቃው ነገር ከሌለው፣ በሽታው ቢብስም ክፍያው ይቆማል። ከሱዳን መጠለያ ወደ ሚኒሶታ ወይም ወደ ሲያትል የደረሱ፣ ፊደል ያልቆጠሩ አንድ ሽማግሌ በሰባት ዓመት ውስጥ የእንግሊዝኛና የታሪክ ፈተና አልፈው ዜጋ እንዲሆኑ መጠበቅ ከባድ ነገር ነው፤ ስለዚህም ሕመማቸው ትምህርት የማያስችላቸው መሆኑን ሐኪም የሚመሰክርበት ኤን 648 የተባለው ቅጽ ለእንዲህ ያለ ሰው ከመድኃኒት አያንስም። ቅጹ በሰባተኛው ዓመት መጨረሻ ሳይሆን ለዜግነት ማመልከት በተፈቀደ ጊዜ ቢታሰብበት ይሻላል።

ሌላም አለ። ተቀባዩ ከአሜሪካ ወጥቶ 30 ቀን በተከታታይ ከቆየ ክፍያው ይቋረጣል፤ ከተመለሰም በኋላ 30 ቀን በተከታታይ ካልቆየ አይቀጥልም። የእናቱን መርዶ ሰምቶ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ደሴ የሄደ ሰው እስከ ተዝካሯ፣ እስከ አርባ ቀን፣ ቆይቶ ቢመለስ ይህን ወሰን ያልፋል። ፑየርቶ ሪኮ የአሜሪካ ግዛት ብትሆንም ለዚህ ረድኤት እንደ ውጭ አገር ትቆጠራለች፤ ከኒው ዮርክ ወደዚያ ተዛውሮ የነበረ አንድ ዜጋ፣ መንግሥት የከፈልሁህን 28,000 ዶላር መልስ ብሎ ከስሶት፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 በስምንት ድምፅ ለአንድ ለመንግሥት ፈርዷል። በተቃውሞ የጻፉት ዳኛ፣ ከፑየርቶ ሪኮ ወላጆች የተወለዱት ሶንያ ሶቶማየር ነበሩ።

ውሳኔው ብዙ ወር፣ ይግባኝም ከተጨመረበት ከዓመት በላይ ስለሚፈጅ፣ አመልካቹ እስከዚያ በምን ይኖራል ብሎ አንባቢ መጠየቁ አይቀርም። አንዳንድ ስቴቶች፣ ከእነርሱም አንዷ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ስቴት፣ ለሚጠብቀው ሰው ከራሳቸው ካዝና አነስተኛ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ኤስ ኤስ አይ በተፈቀደለት ጊዜም ካመለከተበት ጀምሮ ከሚከፈለው ውዝፍ ላይ ስቴቱ የሰጠውን ይወስዳል። ውዝፉ ሲመጣ አነሰብኝ ብሎ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ሳያነብ ፈርሞ የነበረ ነው።

ቁጥሮቹ እንዲህ ጠባብ ስለ ሆኑ፣ ቆይቶ «ከሚገባህ በላይ ተከፍሎሃል፤ መልስ» የሚል ደብዳቤ የሚደርሰው ተቀባይ ብዙ ነው። የዕቁቡ ገንዘብ፣ የልጁ ኪራይ፣ የአርባው ቀን ጉዞ፣ ያልተነገረው የደመወዝ ጭማሪ ሁሉ ከወራት በኋላ ዕዳ ሆነው ይመለሳሉ። ደብዳቤው የደረሰው ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ስሌቱ ስሕተት ነው ካለ ይግባኝ ይላል፣ ስሌቱ ልክ ሆኖ ጥፋቱ የእርሱ ካልሆነና መክፈልም ከአቅሙ በላይ ከሆነ ግን ዕዳው እንዲማርለት ይጠይቃል። መክፈሉ ግድ የሆነበትም ቢሆን ከወሩ ረድኤት በአብዛኛው ከዐሥር አንድ በላይ አይቀነስበትም። ክፍያው ሊቀነስ ወይም ሊቋረጥ ነው የሚል ማስታወቂያ ሲመጣ ደግሞ የይግባኙ ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ይግባኙ እስኪታይ ድረስ ገንዘቡ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል የሚፈልግ ሰው ግን ማስታወቂያው በደረሰው በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለበት። መሥሪያ ቤቱ ፖስታው ደርሷል ብሎ የሚቆጥረው በማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ቀን 5 ቀን በኋላ ስለ ሆነ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብለትን ሰው እስከ እሑድ ቅዳሴ የሚጠብቅ ተቀባይ ከዐሥሩ ቀን ብዙውን እንዳይጨርስ፣ ፖስታው በመጣበት ዕለት ለመሥሪያ ቤቱ ደውሎ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቅ፤ አስተርጓሚው በነጻ ነው።